ይዟል

ያጎዳ መጣች፣ በትራስ ጨርቅ ጠቅልላ፣
ከቲሳ ወንዝ ማዶ፣ በአውቶቡስ ተንጠላጥላ።
«የኦስቶያ ነው» አለች፣ ጠረጴዛዬ ላይ ስታኖረው፤
«እሱ ሲሞት ዝም አለ። እስቲ እይልኝ፣ ምን እንደቸገረው።»

ሣጥኑ የመሳቢያ እንጨት፣ በሚስማር የተመታ፣
ሁለት ቁልፎቹ የወለቁ፣ እንደ ሽማግሌ ፈገግታ።
ዩጎዝላቪያ ሳትፈርስ፣ የእኛም ራስ ሳይመለጥ፣
ኮምፒውተር ከገበያ ጠፍቶ፣ በየኩሽናው ሲቀጠቀጥ፣
በእጁ የሠራው ነው ይህን፤ ከመጽሔት ንድፍ ቀድቶ፣
ከደሞዙ ቀንሶ፣ ቺፑን ከቪየና አስመጥቶ።

ሰካሁት። በቴሌቪዥኑ የፊደል አሸዋ ፈሰሰ፤
አንዲት መስመር ሳይጽፍልኝ ጨለመ፣ ደግሞ ተመለሰ።
ከጉሮሮው ጀመርኩ፣ ከኃይሉ፤ አምስት ቮልት፣ ሳይጓደል፤
ሆዱ ያበጠ ካፓሲተር ነቀልኩ፤ እሱም አይደለም ባለበደል።
አንዱ የትውስታ ቺፕ በጣቴ ስዳስሰው እንደ ምድጃ ግሎ፣
«ያዝኩህ!» ብዬ ቀየርኩት፤ አሸዋው መጣ ቀጥሎ።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ፣ ኮሻቫ ነፋስ መስኮት ሲገፋ፤
ጠዋት ቀዝቅዞ ሲሠራ፣ ሞቅ ሲለው እየጠፋ፤
በእርሳስ ጫፍ ስጫነው ይነሳል፣ ስለቀው ይወድቃል፤
ሐኪም እንደፈራ ልጅ፣ ያመመውን ይደብቃል።

«ሾርባህ በረደ» አለች ሚስቴ። እውነቷን ነው። በረደ።

ማጉያ መነጽሬን ደፍቼ፣ ሰሌዳውን ገለበጥኩት፤
እግር በእግር፣ ነጥብ በነጥብ፣ እንደ ቅማል ፈለግኩት።
በግራው ጥግ፣ ከክሪስታሉ እግር ሥር፣ አንዲት ጠብታ፤
ሌላው ብየዳ ሲያበራ፣ እሷ ብቻ ደብዝዛ፣ ተኮራምታ፤
ዙሪያዋን ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ። ቀዝቃዛ ብየዳ ናት፤
የያዘች የምትመስል፣ ያልያዘች። ወዲያው ለየኋት።
ሰው የእጅ ጽሑፉን መች ይስታል?
ኦስቶያ አልነበረም። እኔ ነኝ።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር፤ መብራት ሄደ ድንገት፣
አንድ እግር ብቻ ሲቀረኝ፤ ካውያው ጫፍ ላይ ትንሽ ሙቀት።
ልጨርሰው ብዬ ቸኮልኩ፣ ኦስቶያ ባትሪ ሲያበራ፤
ታች ቤት አኮርዲዮን ነበር፣ ስማችንን የሚጣራ።
«ይዟል?» አለኝ። «ይዟል» አልኩት፤ ካውያውን ጥዬ ወረድኩ።
በአንዲት ቃል፣ በደረጃ ላይ፣ የአርባ ዓመት ዕዳ ተበደርኩ።

እርሳስ ግን ጉደኛ ነገር ነው፤ ስሙ «እርሳ፣ እርሳ» እያለ፣
እኔ የረሳሁትን ይዞ በጨለማ ሣጥን ዋለ።

ካውያውን አጋልኩ። ዛሬ አልቸኮልኩም።
ጭሱ ሽቅብ እስኪል፣ ጠብታዋ እንደ ዓሣ ዓይን እስክታበራ ጠበቅሁ።
ሰካሁት። አሸዋው የለም። በጥቁሩ ላይ አንድ ቃል፦
ዝግጁ። ከሥሩ ጠቋሚው፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይገልጣል።

ቅዳሜ ያጎዳ መጣች፣ የፕለም ማርማላታ ይዛ፤
«ምን ነበረው?» አለችኝ። «እርጅና ነው» አልኩ እንደ ዋዛ።
ከዚያ አፈርኩ። ሁሉን ነገርኳት፦ ዋዜማውን፣ መብራቱን፣ ያንን «ይዟል»።

ሳቀች። እስክታነባ ሳቀች።
«ያውቅ ነበር እኮ! ባንቀላፋ ቁጥር፣ ግራ ጥጉን በቡጢ እየመታ፣
'ተነስ፣ ቭላይኮ!' ይለዋል፣ ማታ ማታ።
ልጆቼ ስምህን የሰሙት፣ አንተን ሳያዩ በፊት ነው።»

ካሴቱን አስገባን። ጮኸ፣ አፏጨ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፤
ከዚያ ቁጥር በቁጥር ላይ እየተደረደረ አደገ፦
የወንዙ ከፍታ፣ ኦስቶያ ከድልድዩ ሥር የለካው፣
በሴንቲሜትር፣ ቀን በቀን፤ ጡረታ ወጥቶም ያልተወው።
መጨረሻው አንድ መጋቢት። ከዚያ ወዲያ ባዶ መስመር።

ያጎዳ ወንበር ሳበች። ስትመጣ በአውቶቡሱ መስኮት
መለኪያውን አንብባ ኖሯል፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
በአንድ ጣት ጻፈች፣ ቀስ ብላ። የሁለት ቁልፍ የለም፤
ጉድጓዱን በጥፍሯ ነካችው። ተቀበላት።

ከዚያ እጇን አንስታ፣ ግራ ጥጉን ኳ አደረገችው።
«አሁን እኮ አያስፈልገውም» አልኩ።
«አውቃለሁ» አለች።